ቦረቦሩ የማን ነው?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ደምበጫ ሳትደርሱ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች። የማቻክል ወረዳ ከተማ ናት። ተሳፋሪ ብዙ አያስተውላትም። እኔ ግን ያደግሁት እዚያው ስለሆነ ከአውቶቡስ መስኮት የማይታየውን አውቃለሁ፤ ከመንገዱ በታች ያለውን ማለቴ ነው። መንገድ ከላይ የሚመጣውን የክረምት ውኃ በጎኑ ባለው ቦይ ሰብስቦ በቱቦ አሻግሮ ይለቀዋል። ቱቦው በሚተፋበት ቦታ መሬቱ መቆረጥ ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት ልጅ የሚዘለው ስንጥቅ ነው። ከጥቂት ክረምት በኋላ ግን በሬ የማይሻገረው ገደል ይሆናል። በሁለቱም በኩል እየተናደ ማሳውን ይበላል፤ ወደ ኋላ እየተሳበ ደግሞ መንገዱን ራሱን ከሥር ይፈለፍለዋል። ቦረቦር የምንለው ይሄንን ነው።

ቦረቦርን ያየ ሰው የተፈጥሮ ሥራ ይመስለዋል። ዝናብ ዘነበ፣ መሬት ተቆረጠ፣ አለቀ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ብዙው ቦረቦር ዕድሜው ከአያቶቻችን ዕድሜ አይበልጥም። የተወለደበት ዘመን አለ፣ ያሳደገው ምክንያት አለ፣ ሊያድነው የመጣም አለ። ታሪክ አለው ማለት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ ቦረቦሩ የማን ነው? የሚጀምረው በአንዱ ማሳ ላይ ነው፤ የሚበላው የሌላውን ነው፤ ውኃው የመጣው ደግሞ ከሦስተኛው ሰው መሬት ነው። መንገዱ የመንግሥት ነው። ወንዙ የሁሉም ነው፤ በእኛ አገር የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የማንም አይደለም።

ውኃው መቼ ነው እንዲህ የሆነው?

እስቲ ከቁጥር እንጀምር። ዶክተር ገተ ዘለቀና ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ በደምበጫ አካባቢ 27 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት ወስደው፣ ከአየር ላይ የተነሡ የተለያዩ ዓመታት ፎቶግራፎችን አስተያይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ከዚያ መሬት 27 በመቶው የተፈጥሮ ደን ነበር። በ1982 ሁለት በመቶ ቀረ። በ1995 ደግሞ 0.3 በመቶ። በዚያው ዘመን የታረሰው መሬት ከ39 በመቶ ወደ 77 በመቶ አደገ። ልብ በሉ፣ ይሄ የሺህ ዓመት ታሪክ አይደለም። ከአንድ ሰው ጉልምስና የማይረዝም 38 ዓመት ነው።

ገበሬው ደን ጠልቶ አይደለም። ልጆች ተወለዱ፣ ልጆቹም መሬት ያስፈልጋቸዋል። ሜዳው ሲያልቅ ተዳፋቱ ታረሰ፣ ተዳፋቱ ሲያልቅ የወንዙ ዳር ታረሰ። በዚያ ላይ የአገራችን ዋና ሰብል ጤፍ ነው። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ መሬቱ ተደጋግሞ ታርሶ እንደ ዱቄት እንዲልም ይፈልጋል። ዘሩ የሚወድቀው ደግሞ ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ነው። እንግዲህ ከባዱ ዝናብ ሲመጣ መሬቱ ራቁቱን ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ገበሬው ይሄን ስለሚያውቅ ማሳው ላይ በሞፈርና ቀንበሩ ሰያፍ ቦይ ያወጣል። ፈሰስ እንለዋለን። ፈሰስ የዘሩን ማሳ ከመታጠብ ያድናል፤ ብልኃቱም የቆየ ነው። ችግሩ ውኃው ከማሳው ከወጣ በኋላ ነው። የአንዱ ፈሰስ ከጎረቤቱ ፈሰስ ይገናኛል፣ ሁለቱ ከሦስተኛው፣ ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ በድንበሩ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ድንበሩ ቀድሞ ሳርና ቁጥቋጦ የነበረበት ከሆነ ይችለዋል። ጥግ ድረስ የታረሰ ከሆነ ግን አይችለውም።

ውጤቱ በወንዞቹ ላይ ይታያል። ደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋና በአማኑኤል በኩል የሚወርደው ጀደብ ሁለቱም ከጮቄ ተራራ የሚነሡ ናቸው። በጨሞጋ ላይ ወልደአምላክ በውቀት ከባልደረባቸው ጋር ከ1960 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ያለውን የውኃ ልኬት መርምረው የበጋው ፍሰት እየቀነሰ እንደመጣ አሳይተዋል። በጀደብ ላይ የተሠራው ጥናትም የክረምቱ ከፍተኛ ፍሰት መጨመሩን፣ የበጋው ዝቅተኛ ፍሰት ደግሞ መቀነሱን አግኝቷል። በቀላል አማርኛ፦ ወንዙ በክረምት ይቆጣል፣ በበጋ ይደርቃል። መሬቱ ውኃውን መጥጦ ቀስ እያለ መስጠት ትቷል።

ገመድ የማይወድ አገር

ይሄ ሁሉ ሲሆን መፍትሔው ጠፍቶ አልነበረም። እርከን በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኮንሶዎች ለዘመናት ሠርተውታል። ታዲያ ጎጃም ለምን ዘገየ? መልሱን መሬቱ ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ፖለቲካውንም ማየት አለበት።

እርከን ለመሥራት ገመድ መዘርጋት ያስፈልጋል። ሁለት ዘንግ፣ በመካከላቸው አሥር ሜትር ገመድ፣ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ የውኃ ልክ። ሁለት ሰው ዘንጉን ይይዛል፣ ሦስተኛው የውኃ ልኳን እያየ መስመሩን በችካል ያመለክታል። ቀላል ነገር ነው። ግን በጎጃም ገበሬ ማሳ ላይ ገመድ የዘረጋ ሰው በታሪክ ምን ይዞ እንደመጣ አስቡ።

ቀላድ ማለት የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። በደቡብ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ መሬት በቀላድ እየተለካ ለሹማምንትና ለወታደር ተከፋፍሏል። ጎጃም ግን የርስት አገር ነበር። መሬቱ አልተለካም፤ ሰው ርስቱን የሚያገኘው ከአባትና ከእናት የዘር ሐረግ ቆጥሮ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ መንግሥት መሬቱን ለክቶ ግብር ሊጥል ሲሞክር ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ መንግሥትም አፈገፈገ። ከዚያ በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ የሚለው ስለ ምርት ነው። ገበሬው የሰማው ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ይወስዳል ብሎ ነው የሰማው። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። መንግሥት ወታደር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ግብር ማሩ፣ የጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ከጎጃም ተነሡ። ገብሩ ታረቀ ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የገበሬ አመፆች በጻፈው መጽሐፍ ይሄን በሰፊው አጥንቶታል።

እኔ በልጅነቴ በሰፈራችን ሽማግሌዎች ወሬ ውስጥ «ለካ» የሚለው ቃል እንዴት ከባድ እንደነበረ አስታውሳለሁ። አንድ ሰው ማሳቸው ውስጥ ቆሞ በእርምጃ ሲቆጥር ካዩ «አንተ፣ ምን ልትሠራ ነው?» ብለው ይጮሁ ነበር። ቀልድ ይመስለን ነበር። ቀልድ አልነበረም።

ከ1967 ዓ.ም. የካቲት በኋላ ደርግ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ርስት ቀረ። መሬት በገበሬ ማኅበር በኩል የሚደለደል ሆነ። ለጭሰኛው ደቡብ ይሄ ነፃነት ነበር። ለጎጃም ገበሬ ግን ቀድሞ የሚፈራው ነገር በሌላ ልብስ የመጣ መሰለው። ድልድል ባለበት አገር ደግሞ እርከን መሥራት ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ዘንድሮ የካብሁት ድንጋይ ከርሞ የማን እንደሚሆን ካላወቅሁ ለምን ወገቤን እቆርጣለሁ?

አንጀኒ፦ አንዲት ትንሽ ጅረት

በዚህ መሀል ነው አንጀኒ የመጣችው። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ መንደር ናት፤ ለአማኑኤል ሩቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የሚባል ሥራ ጀመሩ። መሪው ያው ሐንስ ሁርኒ ነበር። በመላ አገሪቱ ጥቂት የመለኪያ ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በኤርትራ አፍደዩ እያለ ይቀጥላል። ለጎጃም የደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተችው አንጀኒ ናት።

ጣቢያው የሚለካው ምንጨት የምትባል ጅረት የምታፈስሰውን 113 ሄክታር መሬት ነው። ይሄ ሁሉ ጉድ ለዚያች ጅረት ነው። ዝናቡ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ለዓለም የጎጃም ገበሬ ዝናብ አነሰኝ ብሎ አያውቅም የሚባለው በከንቱ አይደለም። ሲዘንብ ውኃው ስንት እንደሆነ፣ በውኃው ውስጥ ስንት አፈር እንዳለ እየተቀዳ ተለካ፣ ተመዘገበ። ከእነዚህ ጣቢያዎች መረጃ ነው ሁርኒ የኢትዮጵያ የታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ያጣል ብሎ የገመተው። በዚያው ዘመን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያሠራው የደጋ መሬት ጥናት ደግሞ አገሪቱ በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር ታጣለች አለ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ብዙ ሰው ተከራክሮበታል። የአንጀኒ ዋጋ ግን ቁጥሩ ብቻ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1986 የአንጀኒ ተዳፋት ሁሉ በፋንያ ጁ ተሸፈነ። ቃሉ ስዋሂሊ ነው፤ «ወደ ላይ አድርገው» እንደማለት ነው። ከኬንያ የመጣ ብልኃት ነው። ቦይ ትቆፍራላችሁ፣ አፈሩን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ትወረውራላችሁ። ከላይ የታጠበው አፈር በክምሩ ላይ ሲጠራቀም መሬቱ በዓመታት ውስጥ ራሱን ወደ ደረጃ ይለውጣል። አንጀኒ ብትሄዱ ዛሬም ደረጃው አለ።

ገበሬው ወዲያው አልወደደውም፤ ምክንያቱም ነበረው። እርከኑ ራሱ መሬት ይበላል። በሬ ለማዞር ይጠብባል። አይጥ ይራባበታል። ዝናብ በበዛበት አገር ደግሞ ውኃ ከላዩ ይተኛል፣ ሰብሉ ይቢጫል። ለዚህ ነው የአንጀኒ እርከኖች ትንሽ ዘንበል ተደርገው የተሠሩት፤ ውኃው ሳይተኛ ቀስ ብሎ ወደ ጎን እንዲወጣ።

ወደ ጎን ሲወጣ ግን ወዴት ይሄዳል? ሁሉም ነገር የሚመለሰው ወደዚህች ጥያቄ ነው። ፈሰሱም፣ እርከኑም፣ የአስፋልቱ ቦይም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ተበታትኖ የሚወርደውን ውኃ ሰብስበው በአንድ ቦታ ይለቁታል። መውረጃው በሳር ካልተያዘ፣ ቦዩም በየዓመቱ ካልተጠረገ አፈርን ለማዳን የተሠራው እርከን ራሱ ቦረቦር ይወልዳል። ውኃ የሰበሰበ ሰው ከታች ላለው ሰው ዕዳ አለበት። ቦረቦር ማለት ያ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር ነው።

መንገዱ ሲመጣ

ከዚህ ቀጥሎ ወደ መንገዱ እንምጣ፤ ምክንያቱም መንገድ ከማንም በላይ ውኃ ይሰበስባል። አንድ ገበሬ የሚሰበስበው የማሳውን ውኃ ነው። አንድ መንገድ ግን በተራራ ወገብ ላይ ሲያልፍ የስንት ሰው ማሳ ውኃ፣ የስንት ጅረት መውረጃ ቆርጦ ወደ ጥቂት ቱቦዎች ይመራዋል። ድሮ በአሥር ቦታ ይወርድ የነበረ ውኃ በአንድ ቦታ ይወርዳል።

ይሄን በደንብ ያሳየው ቤልጅማዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በትግራይ በመቀሌ–ዓድዋ መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት ነው። ከመንገዱ ሥራ በኋላ ከቱቦዎቹ በታች አዳዲስ ቦረቦሮች እንደተፈጠሩ አገኙ። መንገዱ መጥፎ ነው አላሉም። ያሉት፣ መንገድ ሲቀየስ የቱቦው መውጫ የት እንደሚያርፍም አብሮ ይቀየስ ነው። ከዚያ በኋላ በትግራይም በአማራም ከመንገድ የሚወርደውን ውኃ ወደ ኩሬ፣ ወደ ግጦሽ፣ ወደ ማሳ የመምራት ሥራ ተጀምሯል። ጠላት የነበረው ውኃ መስኖ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከላይ የማይታየው ውኃ ነው። ከባሕር ዳር ወደ አዴት ስትሄዱ ደብረ ማዊ የምትባል ቦታ አለች። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት ቦረቦር ሲለኩባት ቆይተዋል። ያገኙት ነገር ብዙ ሰው የሚያስበውን ይገለብጠዋል። ቦረቦሩ የሚያጥበው አፈር ማሳው ከሚታጠበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቦረቦሩ ክፉኛ የሚሰፋው ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሲሆን ነው። ዋልካው መሬት ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ እግሩ ይርሳል፣ ግድግዳው በገዛ ክብደቱ ተገንጥሎ ይወድቃል። ጎርፍ የሚመጣው የወደቀውን አፈር ለመጥረግ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ድንጋይ ብቻ ቢከመር ምንም ዋጋ የለውም፤ ክትሩም አብሮ ይሄዳል።

የዓባይ በረሃም በትልቁ የሚናገረው ይሄንኑ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወርደውና የሚወጣው መንገድ የጎጃም በር ነው። በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመረቀ፤ 303 ሜትር ይረዝማል። ድልድዩ ቆመ፣ ወደ ድልድዩ የሚያደርሰው አስፋልት ግን ከነተራራው ይንሸራተት ጀመር። ስለዚህ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ስለ መንሸራተቱ ብቻ የሚያጠና ሌላ ፕሮጀክት አካሄደ። የሚንሸራተት ተራራን በመጀመሪያ የሚያቆመው ውስጡ ያለውን ውኃ መቀነስ ነው። አስፋልቱን ደጋግሞ መለጠፍ የታመመን ሰው ልብስ እንደመለወጥ ነው።

ሞጣ አጠገብ ደግሞ የቆየ ምስክር አለ፤ ሰባራ ድልድይ። ጎጃምንና ቤጌምድርን በዓባይ ላይ የሚያገናኝ፣ ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ የኖራ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስቱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ለስንት ዘመን ሰው ወገቡን በገመድ እየታሠረ፣ ከወዲያና ከወዲህ ባሉ ሰዎች እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የወጣው ያ ፎቶግራፍ አንድን አሜሪካዊ አነሣሥቶ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አስመሠረተው። የተሰበረው ቅስት ተጠገነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ጎርፍ መጥቶ ጥገናውን ጠረገው። በ2009 የተሠራው ሌላ ነው፤ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ፣ ከውኃው ጋር የማይታገል ድልድይ። ለእኔ ትምህርቱ ግልጽ ነው። የተሰበረውን ቦታ መጠገን ብቻውን አይበቃም፤ የሰበረው ነገር ዛሬም እየመጣ ከሆነ።

ጅረት እንዴት ይድናል?

አሁን ወደ ሥራው። የተቦረቦረ ጅረት ማዳን የሚጀመረው ከላይ ነው፣ ከታች አይደለም። መጀመሪያ ከቦረቦሩ ራስ በላይ ውኃ መቀልበሻ ይቆፈርና ጎርፉ ወደ ሌላ፣ በሳር ወደተያዘ መውረጃ ይመራል። ከዚያ የቦረቦሩ ግድግዳ ተቆርጦ ይጋደማል፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ ሳር አይበቅልምና። ቀጥሎ ክትር ነው፤ ከእንጨት፣ ከድንጋይ፣ ትልቅ ከሆነ ከጋቢዮን። ክትር ሲሠራ አንድ ሕግ አለ፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል መሆን አለበት። መካከሉ ዝቅ ብሎ ውኃ ማለፊያ ይኑረው፤ ጫፎቹ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይግቡ። መካከሉ ከፍ ካለ ውኃው በጎን ይዞራል፤ ክትሩ ብቻውን ቆሞ ቦረቦሩ በአጠገቡ ሌላ መንገድ ይከፍታል። ይሄን ስሕተት በብዙ ወረዳ ታዩታላችሁ።

በመጨረሻ ሕይወት ያለው ነገር ይተከላል። የዝሆን ሳር፣ ቬቲቨር፣ ሰስባኒያ። ድንጋይ በየዓመቱ ያረጃል፤ ሳር በየዓመቱ ይጠነክራል። ከብት ለጥቂት ዓመት እንዳይገባ መከልከል ግድ ነው። ሁሉም ነገር ተሠርቶ ከብት ከገባ ሥራው ከንቱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ስንጥቅ እያለ አንድ ቀን የሚፈጀው ሥራ ገደል ከሆነ በኋላ የብዙ ዓመት ይሆናል።

ይሄን ሁሉ የግብርና ባለሙያ ያውቀዋል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ገበሬው ለሳምንታት ያለ ክፍያ በተፋሰስ ሥራ ሲሰማራ ቆይቷል። የተሠራው እርከን ርዝመት ሲቆጠር ያስደንቃል። የቆመው ምን ያህል ነው ስንል ግን ጥያቄው ከባለሙያው ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የጎጃም የመሬት ታሪክ እንደገና ይመጣል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተደለደለ። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር መሪ የነበሩት «ቢሮክራት» ተብለው አንድ ሄክታር ብቻ ሲፈቀድላቸው፣ ለሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ተፈቀደ። መሬት አልባው ወጣት መሬት አገኘ፤ የተቀነሰበት ቤተሰብ ደግሞ ቂም ይዞ ቀረ። የሁሉም ሰው ልብ ውስጥ የገባው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ መሬት ሊነጠቅ ይችላል። ከዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ በስዊድን እርዳታ በጎዛምን ወረዳ የይዞታ ምዝገባ ሙከራ ተጀመረ፤ ወደ ክልሉ ሁሉም ተስፋፋ። ሰው ስሙና የሚስቱ ስም፣ ፎቶግራፋቸውም ያለበት ደብተር ያዘ። ክላውስ ዳይኒንገርና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል ባካሄዱት ጥናት፣ ደብተር ያገኙ ገበሬዎች ለአፈርና ውኃ ጥበቃ የሚያወጡት ጉልበት መጨመሩን አግኝተዋል።

አስቡት፤ ያ አገር ነው በ1960 መለኪያ ገመድን በጠመንጃ የመለሰው። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ልጆቹ «ኑ፣ ለኩልኝ፣ ደብተሬን ስጡኝ» አሉ። ገመዱ ያው ገመድ ነው። የተለወጠው ገመዱን የያዘው ሰው ምን ሊያደርግበት እንደመጣ መታወቁ ነው። አባቶቻችን መለካትን የጠሉት ከመሃይምነት ነው የሚል ሰው ታሪኩን አላነበበም። የጠሉት መለካቱን አልነበረም፤ ከመለካቱ በኋላ የሚመጣውን ነበር።

ደብተሩ ግን አንድ ነገር አይፈታም። ደብተር የእያንዳንዱን ማሳ ድንበር ያስቀምጣል፤ ውኃ ግን ድንበር አያነብም። ከላይ ያለው ገበሬ ፈሰሱን የትም ቢለቅ የእሱ ማሳ አይቆረጥም። ከታች ያለው ክትር ቢሠራ ከላይ የሚመጣውን አያቆመውም። መንገድ ሠሪው ቱቦውን ተክሎ ሄዷል። ለዚህ ነው ቦረቦር በዘመቻ ብቻ የማይድነው። ላይኛውና ታችኛው፣ የመንገድ ሰውና የእርሻ ሰው አንድ ላይ ተቀምጠው የውኃውን መውረጃ መስማማት አለባቸው። ጎጃም ለዚህ ባዳ አይደለም። በመስኖ ቦይ ላይ ተራ የሚያስጠብቁ የውኃ አባቶች ነበሩት፣ አሉትም። ለበጋ ውኃ ዳኛ ያለው ሕዝብ ለክረምት ውኃ ዳኛ የማይኖረው ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ጨምሬ ልተው። የዳነ ቦረቦር አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፤ የመንደሩ ለምለም ቦታ እሱ ይሆናል። ደለሉ ወፍራም ነው፣ እርጥበቱ በበጋም አለ፣ ሳሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ከታች ደርቃ የነበረች ምንጭ ትመለሳለች። በተለያዩ ወረዳዎች መሬት የሌላቸው ወጣቶች ተደራጅተው እንዲህ ያለውን ቦታ ሳር እያጨዱ፣ ከብት እያደለቡ፣ ንብ እያነቡ ሲጠቀሙበት አይቻለሁ። ያኔ ነው ጠቡ የሚጀምረው። ገደል ሆኖ በሬ ሲሰብር የእኔ ነው የሚል ያልነበረበት ቦታ፣ ሳር ሲያበቅል አጎራባቹ ሁሉ ድንበሩን ያስታውሳል። «የአባቴ ማሳ እስከዚያ ማዶ ነበር» ይላል አንዱ። «የጋራ ግጦሻችን ነበር» ይላል ሌላው። ወጣቶቹ ደግሞ አምስት ዓመት ድንጋይ የተሸከሙበትን ጀርባ ያሳያሉ።

የእኔ አቋም ከወጣቶቹ ጋር ነው። በርስት ዘመን መሬት የዘር ሐረግ ለቆጠረ ነበር። በደርግ ዘመን ለተደለደለለት። ዛሬ ደብተር ለያዘ ነው። ቦረቦር ግን ከሦስቱም ሥርዓት ውጪ የወደቀ መሬት ነው፤ ሦስቱም ሲፈራረቁ ማንም ያልጠበቀው። እንዲህ ያለ መሬት ላዳነው ሰው ይሁን። ይሄ ደግሞ ቦታው ለምልሞ ጠብ ከመጣ በኋላ በሽማግሌ የሚወሰን ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ችካል ሳይተከል በፊት ላይኛውም ታችኛውም ባሉበት ተጽፎ የሚያልቅ ነገር ነው። ያኔ ገመድ የሚዘረጋው ሰው ምን ሊያደርግ እንደመጣ ለማንም ግልጽ ይሆናል።